የጋሽ ቀስ በል ሦስት መቶ ሥዕሎች

ሰውየው የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መምህር ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ከሠልጣኞቹ አንዱም አያስታውሰውም። ሁሉም ጋሽ ቀስ በል ነው የሚሉት። መኪናው ውስጥ ገብተው ቀበቶ ሳያስሩ የሚሰሙት የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው፤ ፈተና አልፈው ሲሰናበቱትም የሚሰሙት እሱኑ ነው። ስትዞር ቀስ በል፣ ስትቆም ቀስ በል፣ አፍንጫህን ስታክ ቀስ በል። በጎን ወንበር ተቀምጦ እግሩ ሥር የራሱ ፍሬን አለው፤ ሠልጣኙ ከእግረኛ ትንሽ ከፈጠነ ሳያማክር ይረግጠዋል። እግሩ ከመልመዱ የተነሳ የሰው መኪና ውስጥ እንግዳ ሆኖ ሲሄድ እንኳ ባዶውን ወለል ሲረግጥ ነው የሚውለው።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ማርሽ ሳያስገባ ነዳጅ የሚረግጥ ሠልጣኝ ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲያጓራ ከሰማ ፊቱ ይለዋወጣል። ወዴት ነው ጉዞው፣ ቆሞ መብላት ምን የሚሉት ነው እያለ በጠቀለለው ጋዜጣ የሠልጣኙን ጉልበት ይመታል። ሚስቱንም ያገኛት በዚሁ መንገድ ነው። እሷ ስትማር ከማርሹ ይልቅ ነዳጁን ትወድ ነበርና ጋዜጣ ያረፈበት ጉልበት ቢቆጠር የሷን የሚወዳደር የለም። እሱ በዚያው በጉልበቷ ተማርኮ ቀረ። እሷ ደግሞ ለሚጠይቋት ሁሉ ፈተናውን እንዲያሳልፈኝ ብዬ ነው ያገባሁት ትላለች፤ ስትስቅ ግን ውሸቷን መሆኑ ያስታውቃል።

«ጎበዝ» የምትባለውንም ቃል ማወቅ ያስፈልጋል። አዲስ ሠልጣኝ መጀመሪያ የሚነዳው የሚገጭ ነገር በሌለበት ባዶ ሜዳ ላይ ነው። ላቡን እያፈሰሰ አንድ ዙር ዞሮ ሲመለስ ጋሽ ቀስ በል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ «ጎበዝ» ይለዋል። አድንቆት አይደለም። ባዶ ሜዳ ላይ ምንም ሳይገጭ የመጣ ሰው ምኑ ይደነቃል? እንዳያለቅስበት ብሎ ነው።

እንግዲህ ይህ ነዳጅ ሲባክን ሆዱን የሚቆርጠው ሰው ቤቱ ሲገባ ሌላ ሰው ይሆናል። በኋለኛው ክፍል፣ ቁም ሣጥኑ በነበረበት ጥግ፣ ጎኑ መስታወት የሆነና ውስጡ ቀይና ሰማያዊ የሚበራ የጨዋታ ኮምፒውተር አለው። ቁም ሣጥኑ ለዚህ ሲባል ተሽጧል፤ የሰውየውና የሚስቱ ልብስ አልጋ ሥር በሻንጣ ይኖራል። ጨዋታው የመኪና እሽቅድምድም ነው። እሱ ግን አይሽቀዳደምም። በጨዋታውም ፍሬቻ ያሳያል፣ ቀይ መብራት ያከብራል፣ ለሌሉ እግረኞች ይቆማል። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ዙራቸውን ጨርሰው ዋንጫ ሲያነሱ እሱ ገና ከመነሻው መገንጠያ ላይ ግራና ቀኝ እያየ ነው።

ታዲያ ምኑ ነው የሚጥመው ለሚል፣ የሚጥመው ቁጥሩ ነው። በስክሪኑ ጥግ በአረንጓዴ የሚጻፍ ቁጥር አለ። ኮምፒውተር ጨዋታን የሚያሳየን ሥዕል በሥዕል ላይ እያከታተለ ነው፤ ያ ቁጥር በአንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ሥዕል እንደሳለ ይናገራል። ሴቲንግ በሚባለው ቦታ ገብቶ ይህን ያህል ሳልና ከዚያ ዕረፍ ብሎ ማዘዝ ይቻላል። እሱ ኮምፒውተሩን በገዛበት ቀን እዚያው ገብቶ፣ በገዛ እጁ፣ «ያለ ገደብ» የሚለውን መርጧል። ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ያለ ገደብ ሲባል ማሽኑ አቅሙ እስኪያልቅ ይስላል። ሦስት መቶ ሥዕል በሰከንድ። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ስክሪኑ የማሠልጠኛው የቲዎሪ ክፍል የጣለው አሮጌ ስክሪን ነው፤ ቢሞት ቢነሳ በሰከንድ ከስልሳ ሥዕል በላይ ማሳየት አይችልም። የተረፈው ተስሎ፣ ማንም ሳያየው፣ ይጣላል። ለሚጣለውም ግን መብራት ይበላል፣ ሆዱ ይግላል፣ ማራገቢያው ያጓራል። ሰውየው ይህን ማጓራት ሲሰማ ደረቱ ይነፋል። በዚያ ላይ ሕንፃና ዛፍ የበዛበት ጎዳና ላይ ቁጥሩ ዝቅ እንደሚል፣ ባዶ ነገር ፊት ግን ከፍ እንደሚል ደርሶበታል። ስለዚህ መኪናውን ነጭ ግንብ ፊት ያቆምና ግንቡን እያየ ይቀመጣል። እንግዳ ሲመጣም ግንቡን ነው የሚያሳየው።

የፊተኛው ክፍል የሚስቱ ፀጉር ቤት ነው። ጭንቅላት የሚገባባቸው ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ከመስታወቱ ሥር የሚሰካ በእጅ የሚያዝ ማድረቂያ ፎን፣ የውሃ ማሞቂያ፣ ሴቶች የሚደረደሩበት ረጅም ወንበር። ጥግ ላይ ደግሞ አማቱ ፎጣ ያጥፋሉ፤ ፎጣ ሲያልቅም ሰው ያጥፋሉ። ደንበኞቹ ግማሹ ለፀጉራቸው፣ ግማሹ ለአሮጊቷ አፍ ሲሉ ነው የሚመጡት። ቤቱን ቤት ያደረገው ያ ክፍል ነው። ሳቁም፣ ወሬውም፣ የምሳው ጠረንም ከዚያ ነው ወደ ኋላ የሚፈሰው። ሰውየው ከሥራ ሲመለስ በመካከላቸው ሲያልፍ የሆነች አንዷ ሳትተርበው አትቀርም፤ እሱም ሴቶቹ ጆሮዬን በሉት እያለ ያማርራል። ካላማረረ የሚደብረው ይመስላል።

ፊተኛውም ኋለኛውም ክፍል መብራት የሚያገኘው ከአንድ መስመር ነው። በሩ አጠገብ ጭነት ሲበዛበት ተስፈንጥሮ ሁሉን የሚያጠፋ ብሬከር አለ። ኮምፒውተሩ ከመጣ ጀምሮ ይህ ብሬከር ሥራ በዝቶበታል። ሁለቱ ካስኮች በርተው ፎኑ ሲጨመር፣ ከኋላም ሦስት መቶው ሥዕል ሲጋልብ፣ ጧ ይልና ቤቱ ጭር ይላል። ካስክ ውስጥ ያሉት ሴቶች ግማሽ ፀጉራቸው ደርቆ ግማሹ ውሃ እያንጠባጠበ ጭንቅላታቸውን ያወጣሉ። አንዷ ጭራሽ ቢጎዲኗን እንደጠቀለለች ሥራ ቦታዋ ለመመለስ ተገዳለች ይባላል።

ሚስቱ ኮምፒውተሩን የጠረጠረችው በመጀመሪያው ቀን ነው። እሱ ግን የማይከሰውን ከሰሰ። መብራት ኃይልን፣ ጎረቤት ያለውን ብየዳ ቤት፣ የማቀዝቀዣውን እርጅና። በመጨረሻ ጣቱ ካስኩ ላይ አረፈ። ነገሩን በሙከራ ላረጋግጥልሽ ብሎ ሚስቱንና አማቱን ሰበሰበ፤ በማሠልጠኛው ሰሌዳ ፊት የቆመ ይመስል እጁን እያወራጨ አስረዳ። አሁን ጨዋታውን አቆማለሁ፤ ሜኑ ወደሚባለው የመግቢያ ገጽ እመለሳለሁ፤ ኮምፒውተሩ ያርፋል፤ እናንተ ካስኩንም ፎኑንም አብሩ፤ ያኔ ብሬከሩ ከዘለለ ጥፋተኛው ይለያል አለ።

እንዳለው አደረገ። ሜኑ ላይ አንዲት የተወለወለች መኪና ብቻዋን ቆማለች፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሜኑ ላይ ግን የሚሳል ነገር ከማነሱ የተነሳ፣ ገደብ የሌለው ማሽን ያችኑ የቆመች መኪና ደግሞ ደጋግሞ ለመሳል ያብዳል፤ ቁጥሩ አንድ ሺህን ያልፋል፤ መብራቱንም ከጨዋታው ብሶ ይልሰዋል። ሰውየው ቁጥሩን አይቷል። ሲያርፍ እንዴት ደስ እንደሚለው አያችሁት ብሎ ነው ያለፈው። ካስኮቹ በሩ፣ ፎኑ ተጨመረ፣ ብሬከሩም ጧ አለ። ሰውየው በጨለማው ውስጥ ሆኖ እኔ ቆሜያለሁ እያለ ችሎቱን ዘጋ። በዚህ ፍርድ የተነሳ ስንት ዓመት ያገለገለ ካስክ ተሽጦ ሌላ ተገዛ። አዲሱም ተመሳሳይ ወንጀል ሠራ። አማቱ በበኩላቸው ካስኮቹን እያለፉ እያገደሙ ይረግሟቸው ጀመር።

እንዲህ እየተባለ ሳለ አንዲት ሙሽራ ተገኘች። እናቷ ትልቅ የሠርግ አዳራሽ የምታስተዳድር ሴት ናት፤ የልጇ ፀጉር ካማረ የአዳራሹን ሙሽሮች ሁሉ ወደዚህ ልትልክ ቃል ገብታለች። ለሚስቱ ይህ ስትመኘው የኖረችው ነገር ነው። ሠርጉ እሑድ ነው፤ ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ጠዋት ይመጣሉ። ቅዳሜ ዕለት ባሏን አስቀምጣ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ነገ ብሬከሩ ከዘለለ ፀጉር ቤቱን እንዳለ እህቷ ቤት እንደምትወስደው ነገረችው። እህቷ ሰፊ ክፍል አላት፤ ስትለምናት ኖራለች። እናቷም አብረው ይሄዳሉ፤ ፎጣው ባለበት ናቸውና።

ሰውየው ደነገጠ። ቤቱ ያለዚያ ጫጫታ ምን እንደሚመስል ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበ። ነገ አልጫወትም ብሎ ማለላት። ከልቡ ነው የማለው፤ ይህ አይካድም።

ችግሩ የቲዎሪ መምህሩ ነው። በማሠልጠኛው የመንገድ ምልክት የሚያስተምረው ባልደረባው፣ የወንድሜ ኮምፒውተር ካንተ ይበልጣል እያለ ሲያቃጥለው ከርሟል። እሑድ ጠዋት መጥቶ በዓይኑ እንዲያይ ቀጠሮ ይዘዋል። ቀጠሮውን ማፍረስ ሽንፈትን መቀበል ነው። ሰውየው አሰበ፣ አሰበና መላ አገኘ። የማለው አልጫወትም ብሎ ነው። አይጫወትም። ከፍቶ ሜኑው ላይ ያቆመዋል፤ ኮምፒውተሩ እንዳረፈ እንግዳው አንድ ሺውን አይቶ፣ አፉን ይዞ ይሄዳል። ከሐሳቡ የተነሳ በራሱ ኮራ።

እሑድ ጠዋት የፊተኛው ክፍል አበባ በአበባ ሆነ። ሙሽራዋ አንደኛው ካስክ ውስጥ፣ አንዷ ሚዜ ሌላኛው ውስጥ፤ የሙሽራዋ እናት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ፈታኝ ተቀምጣለች። የቲዎሪ መምህሩ በመካከላቸው ተሽሎክሉኮ ወደ ኋላ ገባ። ኮምፒውተሩ ተከፈተ፣ የተወለወለችው መኪና ብቅ አለች፣ ቁጥሩ ሽቅብ ተወረወረ። እንግዳው ገና አፉን ሳይዝ ከፊት ፎኑ በራ። ጧ።

ሰውየው ሮጦ ብሬከሩን መለሰው። ከፊት ካስኮቹ እንደገና ሞቁ፤ እሱም ተመልሶ፣ እንግዳው ገና በቅጡ አላየምና፣ ኮምፒውተሩን እንደገና ቀሰቀሰ። ጧ። የሙሽራዋ እናት ቦርሳዋን ዘጋች። የቦርሳው ቀጭ ማለት ከብሬከሩ ይልቅ ተሰማ።

ሚስቱ ማበጠሪያዋን እንደያዘች ወደ ኋለኛው ክፍል መጣች። ከመምጣቷ በፊት ካስኮቹ እንዲነቀሉ አድርጋ፣ ብሬከሩን ራሷ መልሳዋለች።

«አልተጫወትኩም» አላት ገና ሳትጠይቀው። «ይኸው እንግዳዬ ይመስክር። ሜኑ ላይ ነው ያቆምኩት።»

«አብራው» አለችው።

አበራው። ከፊት አንድም የሚሠራ ዕቃ የለም፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። መኪናዋ ብቅ አለች፤ ቆማለች። ቁጥሩ አንድ ሺህን አለፈ፤ ከመስታወቱ ውስጥ ማራገቢያዎቹ ተራ በተራ ተነስተው ያጓሩ ጀመር። ሚስቱ ስክሪኑን አላየችውም። ጆሮዋን ሰጥታ ነው የቆመችው፤ ከብዙ ጊዜ በፊት በጎን ወንበር ካለ ሰው የተማረችው ማዳመጥ ነው።

«ቆሟል የምትለው ይሄ ነው?»

«አዎ። አርፏል።»

«ማርሽ ሳታስገባ ነዳጅ ረግጠህ ነው ያቆምከው» አለችው። «ጉልበቴን በጋዜጣ ስታነደው የነበረው ለምን ነበር ታዲያ?»

የቲዎሪ መምህሩ ኮርኒሱን ማጥናት ጀመረ። ሰውየው ወደ ማራገቢያዎቹ ዞረ። ያን ድምፅ በየቀኑ መኪና ውስጥ ይሰማዋል፤ ከሌላ ሰው እግር ሥር ሲወጣ ዘሎ ይቆጣዋል። ከገዛ ክፍሉ ሲወጣ ግን ዘፈን መስሎት ኖሯል።

መቀነሻ የለውም ወይ ብላ ጠየቀችው። አለው አላት። ሴቲንግ ውስጥ ገባ፣ «ያለ ገደብ» የሚለውን አጠፋና ስልሳ ላይ አደረገው። ማራገቢያዎቹ ተንፈስ ብለው ዝም አሉ። ስክሪኑ ላይ ያለችው መኪና ያችው መኪና ናት፤ ቀለሟም አልደበዘዘ፣ ጎማዋም አልጠፋ። የቲዎሪ መምህሩ ጠጋ ብሎ አየና ምኑ ነው የተለወጠው ብሎ ጠየቀ፤ ተንኮል አልነበረበትም፣ እውነት ስላልታየው ነው። ከፊት ካስኮቹ በሩ። ፎኑ ተጨመረ። ብሬከሩ ንቅንቅ አላለም።

ሚስቱ ወደ ፊት ለመመለስ ዞራ በሩ ላይ ቆመች።

«ይሄን መቀነሻ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

እዚህ ጋ መዋሸት ነበረበት። ገና ዛሬ አየሁት ቢል ኖሮ ይህ ታሪክ በሳቅ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ግራ ገብቶት እውነቱን ተናገረ።

«ከገዛሁት ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ?»

«ቁጥሩ ይወርዳላ።»

ሄዳ ሙሽራዋን ጨረሰች፤ አሳምራ ነው የጨረሰቻት። የሙሽራዋ እናት ዞር ዞር አድርጋ አየችና ቃሏን አጸናች። አማቱ ብቻ ፎጣ እንደታቀፉ ወደ ኋላ ብቅ ብለው አዩት። «ልጄ» አሉት፤ እሳቸው ልጄ ካሉ መሬት ተከፍታ ብትውጥ ነው የሚመረጠው። «ካስኩ ነው ብዬ ስንት ቀን ረገምኩት። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው እንዴ፣ ወይስ አንተ ትጠይቅልኛለህ?»

ሰውየው ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎታል። እንዲያውም በማግስቱ ማሠልጠኛ ቤት ሄዶ የቤቱን የመብራት ችግር እንዴት በጥናት እንደፈታው ለጥበቃው ሳይቀር አስረድቷል። የማሽንን አቅም መግራት ራሱን የቻለ ሙያ ነው ብሏል። የቲዎሪ መምህሩ በዚያ በኩል ሲያልፍ ግን አሳጥሮ ተወው።

በሳምንቱ ከሥራ ሲመለስ ደጁ ላይ የጭነት መኪና ቆሟል። ካስኮቹ ተጭነዋል፤ ረጅሙ ወንበር በሁለት ሰው ተይዞ እየወጣ ነው። አማቱ ጋቢና ውስጥ ፎጣቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሰውየው ሚስቱን ወደ ጎን ጠርቶ፣ ብሬከሩ አንድም ቀን እንዳልዘለለ፣ ስልሳውንም እንዳልነካው፣ መብራቱ እንደተስተካከለ ነገራት። ከልመና ትንሽ ነው የቀረው።

«መብራቱማ ተስተካክሏል» አለችው። ከዚያ ወንበሩን የያዙትን ሰዎች በሩን እንዳትቧጥጡ ብላ ወደነሱ ሄደች። እሱ እዚያው ቆሞ ስለ ምን እንደምትሄድ ገባው። ሁለተኛ ሚስት አለው ብትባል ይሻላት ነበር፤ ያኔ ቢያንስ ከሰው ጋር ነው የተለካችው። የእሷን እንጀራና ማንም የማያየውን ሥዕል ሚዛን ላይ አስቀምጦ፣ እያወቀ፣ ለሥዕሉ ነው ያደላው። አፈረ፤ የሚያፍራት ሴት ግን ጭነቱን እያሳሰረች ነበር።

ቤቱን አልለቀቀችም። ማታ ማታ ትመለሳለች፣ ራት አብረው ይበላሉ፣ ልብሷም ያው አልጋ ሥር ነው። ቀኑ ነው የሄደው። ሰውየው ከሥራ ሲገባ በፊተኛው ክፍል የሚተርበው የለም፤ መስታወቱ የነበረበት ግድግዳ ላይ ነጣ ያለ ቅርጽ ቀርቷል። ባዶ ነጭ ግንብ ሲወድ ኖሮ አሁን አንድ እውነተኛ ደርሶታል፤ ማየቱን ግን አልወደደውም። እሷ ስታወራ የማያውቃቸውን ደንበኞች ስም ትጠራለች፤ ሙሽሮች መብዛታቸውን፣ እናቷ እህቷ ቤት ጎረቤቱን ሁሉ ሲያጥፉ እንደሚውሉ ትነግረዋለች። እሱ በማያውቀው ነገር ይስቃል።

መስመሩ አሁን የእሱ ብቻ ነው። የሚጋፋው ካስክ፣ የሚከሰው ፎን የለም። ጥቂት ቀን በስልሳው ከቆየ በኋላ፣ ማንን ነው የምፈራው ብሎ ገደቡን አነሳው። ማሽኑ እንደ ልቡ አጓራ፤ ብሬከሩ ጸጥ አለ። ጨዋታው ውስጥ፣ ነጩ ግንብ ፊት፣ ቁጥሩ ከዚህ በፊት ያልደረሰበት ደረሰ። ሰውየው ዞር ብሎ የሚያሳየው ሰው ፈለገ። የቲዎሪ መምህሩ ስልኩን አያነሳም።

ሚስቱ ያን ቀን ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው በር ላይ የተቀበላት። ብሬከሩ ሳይዘል፣ ማንንም ሳያስቸግር፣ ምንም ሳይነካ ሦስት መቶ ሃምሳ ገባ አላት። እንደ ድሮው ትስቃለች ወይም ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ፤ ሁለቱንም ፈልጎት ነበር። እሷ ቦርሳዋን አስቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ጎበዝ» አለችው።